ስኬሉን ሸምድጃለሁ፤ ዜማው ግን የት አለ? የጊታር ጀማሪዎች ጥያቄዎችና መልሶች

በቅርቡ ለሙዚቃ አምዳችን ከደረሱት ጥያቄዎች መካከል ብዙዎቹ ጊታር መማር ከጀመሩ አንባቢያን የተላኩ ሲሆኑ፣ በአንድም በሌላም መንገድ የሚጠይቁት ስለ ስኬልና ስለ ኪይ ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አጣምረን አምስቱን መርጠናል። በመልሶቻችን ውስጥ ድምፆቹን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ብለን እንጠራቸዋለን፤ በኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) መጻሕፍት በላቲን ፊደል ሲጻፉ እነዚሁ ድምፆች በቅደም ተከተል ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ይባላሉ። ክሮቹንም ስንቆጥር ቀጭኑን አንደኛ፣ ወፍራሙን ስድስተኛ እንላለን።

ጥያቄ፦ ጊታር መማር ከጀመርኩ ግማሽ ዓመት ገደማ ሆኖኛል። ስድስት ሰባት ኮርዶችን አውቃለሁ፤ አንዳንድ ዘፈኖችንም አጅባለሁ። ጓደኞቼ «ስኬል ካልተማርክ አታድግም» ስላሉኝ ከኢንተርኔት ቪዲዮ አምስት ቅርጾችን ሸመደድኩ። ወደ ላይም ወደ ታችም ያለ ስህተት እጫወታቸዋለሁ፤ ነገር ግን ከውስጣቸው አንድ ዜማ እንኳ ማውጣት አልቻልኩም። ለመሆኑ የስኬልና የኪይ ልዩነት ምንድን ነው?
ጀማሪው፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሸመደዷቸው ቅርጾች ጣቶችዎ የት የት እንደሚያርፉ በትክክል ይነግሩዎታል፤ ከሚጫወቷቸው ድምፆች መካከል ዜማው ተመልሶ የሚያርፍበት የትኛው እንደሆነ ግን አይናገሩም። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ዳዊት ደገመ እንደማይባል፣ ስኬልን ከዳር እስከ ዳር የወጣና የወረደ ሰውም ዜማ ተጫወተ አይባልም። ስለዚህ አምስቱን ቅርጾች ለጊዜው ትተው በአንድ ክር ብቻ እንደገና እንዲጀምሩ ብንመክርዎ ቅር አይበልዎ፤ የጠፋብዎ ነገር የሚገኘው እዚያ ነው።

በጊታሩ አንገት ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ ማለትም ፍሬቶቹ፣ እያንዳንዳቸው ድምፁን በግማሽ ቶን ከፍ ያደርጉታል። አሥራ ሁለት ፍሬት ሲወጡ ስሙ ከተነሱበት ድምፅ ጋር አንድ የሆነ፣ ነገር ግን በአንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ድምፅ ያገኛሉ። 12ኛው ፍሬት የክሩን ርዝመት እኩል ለሁለት ስለሚከፍለው ክሩ በሰከንድ የሚርገበገብበት መጠን እጥፍ ይሆናል፤ በትክክል የተቃኘው አምስተኛ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 110 ጊዜ፣ በ12ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ ደግሞ 220 ጊዜ ይርገበገባል። በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ካሉት 12 ግማሽ ቶኖች ውስጥ የተወሰኑትን በተወሰነ ርቀት መርጦ በተርታ ማስቀመጥ ስኬል ይባላል። የሜጀር ስኬል ርቀት ሙሉ፣ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ግማሽ ነው፤ ሙሉ ቶን ሁለት ፍሬት፣ ግማሽ ቶን አንድ ፍሬት መሆኑን ካስታወሱ ሌላ የሚሸመደድ ነገር የለውም።

አሁን ስድስተኛውን ክር ብቻ ይዘው 0፣ 2፣ 4፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11፣ 12 ይጫወቱ፤ 0 ማለት ክሩ ሳይያዝ ነው። የሚሰሙት ሚ ሜጀር ነው። ቀጥለው ሁሉንም በአንድ ፍሬት ከፍ አድርገው ከ1ኛው ፍሬት ይጀምሩ፤ 1፣ 3፣ 5፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12፣ 13 ይሆናል፤ ይህም ፋ ሜጀር ነው። በሁለቱ መካከል ርቀቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መነሻው ነው። ስኬል የምንለው ያንን ርቀት ሲሆን፣ ኪይ የምንለው ደግሞ ዜማውም ኮርዶቹም የትኛውን ድምፅ ማረፊያ አድርገው እንደሚዞሩ ነው።

ልዩነቱ በጆሮ እንዲገባዎ አንድ ተጨማሪ ሙከራ ያድርጉ። ከዶ እስከ ሲ ያሉት ሰባት ድምፆች፣ ማለትም በፒያኖ ላይ ነጮቹ፣ የዶ ሜጀርም የላ ማይነርም ናቸው። ጓደኛዎ የዶ ሜጀርን ኮርድ ደጋግሞ እየመታ እርስዎ እነዚህን ድምፆች እንደፈለጉ ይጫወቱ፤ ከዚያ ጓደኛዎ ወደ ላ ማይነር ይሻገር፤ እርስዎ ግን የሚጫወቷቸውን ድምፆች አይለውጡ። ፊት ደስተኛ የነበረው ዜማ ወዲያው ፊቱን ሲያጠቁር ይሰሙታል። ድምፆቹ አንድ ሆነው ሳለ ማረፊያው በመለወጡ ብቻ የመጣ ለውጥ ነው፤ የቅርጽ ሥዕል ይህን ሊያሳይዎ አይችልም።

ዜማ ለማውጣት ደግሞ ብዙ ድምፅ አያስፈልግዎትም። ስድስተኛውን ክር ሳይዙት ደጋግመው እየመቱ በአንደኛው ክር ላይ ከ0፣ 2፣ 4፣ 5 እና 7 ውጭ ሌላ ፍሬት ሳይነኩ፣ ከልጅነትዎ የሚያውቁትን አንድ አጭር ዜማ ለመፈለግ ይሞክሩ። ሁለቱ ክሮች ሁለቱም ሚ ስለሆኑ ወፍራሙ ማረፊያውን ያለማቋረጥ ያስታውስዎታል። ከመጫወትዎ በፊት በአፍዎ ያንጎራጉሩት፤ ባንጎራጎሩት ልክ ጣትዎ ፍሬቱን ማግኘት እስኪችል ድረስ በዚሁ ይቆዩ። ሲሰለችዎ 11ኛውን ፍሬት መትተው ዝም ይበሉ። ጆሮዎ አንድ ፍሬት ወጥቶ 12ኛው ላይ ካላረፈ አይለቅዎትም፤ ይህ መሳብ ምን እንደሆነ አንዴ ከተሰማዎ በኋላ የስኬል ልምምድ የጣት ሥራ ብቻ መሆኑ ያበቃል።

ወደ ብዙ ክር ሲሸጋገሩ ከዶ ሜጀር ይጀምሩ፦ ዶ በአምስተኛው ክር 3ኛ ፍሬት፤ ሬ አራተኛው ክር ሳይያዝ፤ ሚና ፋ በዚያው ክር 2ኛና 3ኛ ፍሬት፤ ሶል ሦስተኛው ክር ሳይያዝ፤ ላ በዚያው ክር 2ኛ ፍሬት፤ ሲ ሁለተኛው ክር ሳይያዝ፤ የመጨረሻው ዶ በሁለተኛው ክር 1ኛ ፍሬት። ከቪዲዮ የተማሯቸው ቅርጾች ሁለተኛው ክር ላይ ሲደርሱ ለምን አንድ ፍሬት እንደሚንሸራተቱ ሳይገርምዎ አልቀረም። ጊታር ሲቃኝ በየሁለቱ ጎረቤት ክሮች መካከል አምስት ግማሽ ቶን አለ፤ በሦስተኛውና በሁለተኛው መካከል ብቻ አራት ነው። ጊታርዎን በጆሮ ሲቃኙ ሁሉንም በ5ኛው ፍሬት፣ ሦስተኛውን ግን በ4ኛው ፍሬት ይዘው የሚያመሳስሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ በጊታር አጅባለሁ። በልምምድ መካከል መሪያችን «ለእሷ አልመጣላትም፤ ዝቅ አድርጉት» ወይም «አንድ ቶን ጨምሩ» ሲሉ ኪቦርድ ተጫዋቹ ትራንስፖዝ (ኪዩን የሚለውጠውን ቁልፍ) ተጭኖ ይቀጥላል፤ የእኔ እጅ ግን ይታሰራል። የአንድን መዝሙር ኪይ በጆሮ እንዴት ላገኝ እችላለሁ? ካፖ መጠቀምስ የድክመት ምልክት ነው?
አጃቢው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ካፖ፣ ማለትም ክሮቹን ሁሉ በአንድ ፍሬት ላይ አጥብቆ የሚይዘው መቆንጠጫ፣ መሣሪያ ነው፤ በሙያው የበቁ ሰዎችም ይጠቀሙበታል። ድክመቱ የሚመጣው ካፖው የት እንደተቀመጠና በዚያ ምክንያት የሚሰማው ኮርድ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ሲቀሩ ነው።

ኪይ ለማግኘት የመዝሙሩን መጀመሪያ አይከተሉ። ብዙ መዝሙር ከማረፊያው ውጭ ባለ ኮርድ ይጀምራል፤ ሲጨርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ የአዝማቹን የመጨረሻ ቃል ድምፅ በአፍዎ ይዘው ስድስተኛው ክር ላይ ይፈልጉት። የዚህን ክር ስሞች ማወቅ ግዴታ ነው፦ ሳይያዝ ሚ፣ 1ኛው ፍሬት ፋ፣ 3ኛው ሶል፣ 5ኛው ላ፣ 7ኛው ሲ፣ 8ኛው ዶ፣ 10ኛው ሬ። ድምፁን ካገኙ በኋላ በእሱ ላይ መጀመሪያ ሜጀሩን፣ ቀጥሎ ማይነሩን ይምቱ፤ ከመዘምራኑ ድምፅ ጋር የማይጣላው አንዱ ነው። ዜማው በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ድምፅ የሚያልቅበት ጊዜም ስላለ የባሱን እንቅስቃሴ አብረው ቢያዳምጡ ይበልጥ እርግጠኛ ይሆናሉ።

እጅዎ የሚፈታው ግን ኮርዶችን በስም መሸምደድ ትተው በቁጥር ማሰብ ሲጀምሩ ነው። በሜጀር ስኬል ውስጥ ከእያንዳንዱ ድምፅ ተነስተው አንድ እየዘለሉ ሦስት ድምፅ ቢደራርቡ 1ኛው፣ 4ኛውና 5ኛው ሜጀር፣ 2ኛው፣ 3ኛውና 6ኛው ማይነር ኮርድ ይሆናሉ፤ 7ኛው ዲሚኒሽድ ሲሆን ለጊዜው ቢተዉት አይጎዱም። አንድ መዝሙር በሶል ሲጫወት ሶል፣ ሚ ማይነር፣ ዶ፣ ሬ የሚል ከሆነ በቁጥር 1፣ 6፣ 4፣ 5 ነው ማለት ነው። መሪዎ «አንድ ቶን ጨምሩ» ሲሉ ኪዩ ላ ይሆናል፤ ቁጥሮቹ ግን እዚያው ናቸው፦ ላ፣ ፋ ሻርፕ ማይነር፣ ሬ፣ ሚ (ሻርፕ ማለት በግማሽ ቶን ከፍ ያለ ነው)። በካፖ ከሆነ 2ኛው ፍሬት ላይ አስረው የሶልን ቅርጾች እንዳሉ ይዘው ይቀጥላሉ።

ካፖ ድምፅን ከፍ እንጂ ዝቅ ሊያደርግ እንደማይችል ያስታውሱ። ከሶል ወደ ፋ ውረዱ ከተባለ ሌላ ቅርጽ መምረጥ ይኖርብዎታል፤ በ1ኛው ፍሬት አስረው የሚን ቅርጾች፣ ወይም በ3ኛው ፍሬት አስረው የሬን፣ ወይም በ5ኛው አስረው የዶን ቢይዙ ሦስቱም ፋ ይሰጡዎታል። የኪቦርድ ተጫዋቹንም ነገር እንዳይዘነጉ፤ ትራንስፖዙን በሁለት ግማሽ ቶን ከፍ አድርጎ «ዶ ላይ ነኝ» ቢልዎ እጁ ያለው ዶ ላይ ቢሆንም የሚሰማው ሬ ነው። በየልምምዱ ከሚነሳው ጭቅጭቅ ገሚሱ መነሻው ይኸው ስለሆነ፣ ሲጠይቁት የያዘውን ሳይሆን የሚሰማውን ኪይ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ያደግሁት ክራር በሚመታበት ቤት ነው። አሁን ጊታር እየተማርኩ ነው፤ መምህሬ ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚን በሁሉም ኪዮች ሳልጨርስ ትዝታና ባቲን እንዳልነካ ከልክሎኛል። ትክክል ነው? ቅኝቶቹንስ በጊታር ላይ እንዴት አገኛቸዋለሁ?
የክራር ልጅ፣ ከደሴ

መልስ፦ መምህርዎን በግማሹ እንደግፋቸዋለን። የሜጀር ስኬል የርቀት መለኪያ ስለሆነ ማወቅ አለብዎ፤ ቁጥሮችን የምንቆጥረው ከእሱ ተነስተን ነው። ነገር ግን ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቦታዎች በሚገኙበት በወሎ ያደገ፣ ጆሮውም በእነዚህ ቅኝቶች የተሞላ ሰው 12ቱን ኪይ እስኪጨርስ ዝም በል መባሉ ትልቅ ሀብትን ያለ ሥራ ማስቀመጥ ይመስለናል። ጀማሪ ስኬልን ለመልመድ የሚቸገረው ድምፆቹ ከመጫወታቸው በፊት በጆሮው ስለማይሰሙት ነው፤ እርስዎ ግን ትዝታን አንድ ድምፅ ቢሳሳት ወዲያው ያውቁታል።

ክራር የሚመታ ሰው ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሻገር ክሮቹን እንደገና ይቃኛል፤ ጊታር ላይ ግን ክሮቹ እንዳሉ ይቆያሉ፤ የሚመርጡት ጣቶች ናቸው። ስለዚህ ቅኝቶቹን ለማነጻጸር ጊታር የተመቸ ነው። ለመጀመሪያው ጠያቂያችን እንዳልነው፣ ስድስተኛውን ክር ሳይዙት እየመቱ በአንደኛው ክር ላይ የሚከተሉትን ፍሬቶች ይጫወቱ። ትዝታ ሜጀር 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 12 ነው። ትዝታ ማይነር 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8፣ 12 ሲሆን ከሜጀሩ የሚለየው ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ በግማሽ ቶን መውረዳቸው ነው። ባቲ ሜጀር 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፣ 12፤ ባቲ ማይነር 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10፣ 12። አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፣ 12። አንቺሆዬ ደግሞ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9፣ 12። «ሜጀር» እና «ማይነር» የሚሉት ቅጥያዎች ከዘመናዊው ትምህርት ጋር የመጡ ናቸው፤ አጠራራቸውም ከመምህር መምህር ሊለያይ ስለሚችል ከመምህርዎ ጋር ሲነጋገሩ ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን ቢጠቅሱ ሳትግባቡ አትቀሩም።

ከፍሬቶቹ ቁጥር ይልቅ እንዲያስተውሉት የምንፈልገው ሌላ ነገር አለ። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ቢጀምሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። ባቲ ማይነርን ከላ ቢጀምሩት ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ይሆናል። አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው! ትዝታ ማይነርንም ከላ ሲጀምሩት ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ሲሆን፣ አምባሰልን ከሚ ሲጀምሩት ደግሞ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነው፤ እነዚህም አንድ ናቸው። ይሁንና ትዝታን ከባቲ፣ ትዝታ ማይነርን ከአምባሰል የሚያምታታ ወሎዬ አይገኝም። የሚለያያቸው ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ፣ ወደዚያ የሚደርስበት መንገድና የሚደጋገመው ሐረግ ነው። የምዕራቡ መጽሐፍ ስለ ስኬልና ስለ ኪይ ልዩነት በብዙ ገጽ የሚያስረዳውን እርስዎ በልጅነትዎ በጆሮዎ ተምረውታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። በኢንተርኔት ላይ ያሉት የውጭ መምህራን ለጀማሪ መጀመሪያ የሚያስተምሩት የላ ማይነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፅ ስኬል)፣ በ5ኛው ፍሬት ላይ የሚያዘው ቅርጽ፣ በድምፆቹ ርቀት ከባቲ ማይነር ጋር አንድ ነው። ቅርጹን ከእነሱ መማር ይችላሉ፤ አብረውት የሚመጡትን የብሉዝ ሐረጎች ግን ሳያጣሩ ከወሰዱ የሚወጣዎት ብሉዝ ነው። ባቲን ከፈለጉ ሐረጉን ከክራርና ከማሲንቆ ይውሰዱ። ማሲንቆ ፍሬት ስለሌለው ጣት በክሩ ላይ እየተንሸራተተ በሁለት ፍሬቶች መካከል የሚወድቅ ድምፅ ያወጣል፤ ባህላዊው አቃኛነትም ከጊታር እኩል ግማሽ ቶኖች ጋር ሁልጊዜ በትክክል አይገጥምም። በተለይ አንቺሆዬን በጊታር ሲጫወቱ «ልክ ነው፤ ግን ልክ አይደለም» የሚል ስሜት ቢያድርብዎ ጆሮዎን አይጠራጠሩ። ክሩን በያዙበት ጣት በጥቂቱ ገፋ ማድረግ፣ ወይም ከአንዱ ፍሬት ወደ ሌላው ማንሸራተት ርቀቱን ያቀራርበዋል።

ኮርድን በተመለከተ አይቸኩሉ። በላ ላይ የተመሠረተው ትዝታ ማይነር ውስጥ የላ ማይነርና የፋ ሜጀር ኮርዶች ድምፆች ሙሉ በሙሉ አሉ፤ የሚ ማይነር ኮርድ ግን በቅኝቱ ውስጥ የሌለውን ሶል ስለሚጨምር ቀለሙን ያደበዝዘዋል። አንቺሆዬ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ከሚ ሲጀመር በቅኝቱ ውስጥ ሲ ስለሌለ በማረፊያው ድምፅ ላይ የተለመደ ሜጀርም ሆነ ማይነር ኮርድ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ለጀማሪ ከኮርድ ይልቅ የማረፊያውን ድምፅ በባስ ክር ይዞ ዜማውን በላዩ ማስኬድ ይሻላል። አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት ከምዕራቡ ሃርመኒ ጋር ማዋሐድ ምን ያህል ትልቅ ሥራ እንደሆነ ለመረዳት የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች ያዳምጡ፤ ለጊታር ደግሞ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የሚታወቀውን የሰላም ስዩምን አጨዋወት፣ ከዚያም የግሩም መዝሙርን አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት። ሲያዳምጡ ጊታሩ ኮርድ የሚመታበትን ቦታና ተወት አድርጎ እንደ ክራር አጭር ሐረግ የሚደጋግምበትን ቦታ ለይተው ይከተሉ።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ጊታር መማር ትፈልጋለች። ጣቷን ያማታል፤ መምህሯ ደግሞ ስኬል ሲያስጀምራት ሰለቻት። ላስተዋት?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እናታችን፣ አያስተዋት። በመጀመሪያ ጊታሩን ይመልከቱ፤ ክሩ የብረት ከሆነ ለእሷ ዕድሜ ከባድ ነው። የናይለን ክር ያለው፣ ባለ ሦስት አራተኛ መጠን ክላሲክ ጊታር ቢገኝላት የጣቷ ሕመም በእጅጉ ይቀንሳል፤ የቀረውም ጣቷ እየጠነከረ ሲሄድ ይለቃታል። ለናይለን የተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር እንዳያስሩ ግን አደራ፤ የብረቱ ውጥረት ስለሚበልጥ ክሩ የታሰረበትን ድልድይ ሊነቅለው ይችላል። ስኬሉን በተመለከተ ደግሞ በአንድ ክር ላይ አምስት ድምፅ በቂዋ ነው፤ በእነሱም የምታውቀውን የልጆች መዝሙር ትፈልግ። ስሙን ሳይነግሯት ስኬል ተማረች ማለት ነው። ኖታ ማንበብ በኋላ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ስኬል በቀን ምን ያህል ልለማመድ? 12ቱን ኪይ ሁሉ ማወቅ አለብኝ ወይ? ፍጥነቴስ እንዴት ይጨምራል?
ችኩሉ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ስምዎን ራስዎ ስላወጡ እኛ አንጨምርበትም። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ በጥሞና ከተሠራበት ለጀማሪ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጆሮ ይደክምና ጣት ብቻውን ይቀራል። ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገው በእያንዳንዱ ምት አንድ ድምፅ ይጫወቱ። ንጹሕ ሲሆን በአንድ ምት ሁለት ድምፅ፤ ይህም ሲጠራ ሜትሮኖሙን በአራት በአምስት ምት ብቻ ከፍ ያድርጉት። ፒክ የሚጠቀሙ ከሆነ አንዱን ወደ ታች፣ ቀጣዩን ወደ ላይ እያፈራረቁ መምታቱን ከመጀመሪያው ይልመዱት፤ በኋላ ለማረም አስቸጋሪ ነው። ስኬሉን በተርታ ብቻ መጫወትም ቶሎ ይሰለቻል፤ 1፣ 3፣ 2፣ 4፣ 3፣ 5 እያሉ አንድ እየዘለሉና እየተመለሱ ሲጫወቱት ወደ ዜማ ይቀርባል። ድምፁ መሻከር ወይም ትከሻዎ መወጠር ከጀመረ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነውና ይመለሱ።

ኪዮቹን በተመለከተ በሶል፣ ዶ፣ ሬ፣ ላ እና ሚ ይጀምሩ። ጊታር ሳይያዝ የሚሰጣቸው ድምፆች በብዛት በእነዚህ ውስጥ ስለሚገኙ ኮርዶቻቸውም ለእጅ ይቀላሉ። ዶ ምንም ሻርፕ የለውም፤ ሶል አንድ አለው፣ እሱም ፋ ሻርፕ ነው፤ ሬ ሁለት፣ ላ ሦስት፣ ሚ አራት። በየደረጃው አንድ ብቻ ስለሚጨመር ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ከተማሩት አይከብድም።

ከሳክስፎን ወይም ከትራምፔት ጋር ሲጫወቱ ግን ተጫዋቾቹ ሲ ፍላትን ወይም ሚ ፍላትን (ፍላት ማለት በግማሽ ቶን ዝቅ ያለ ነው) ሊመርጡ ይችላሉ፤ በእነዚህ ኪዮች ሳይያዙ የሚመቱት ክሮች ብዙም አይረዱዎትም። ለዚህ የሚሆነውን ተንቀሳቃሽ ቅርጽ በሶል ላይ ይማሩት፦ በስድስተኛው ክር 3 እና 5፣ በአምስተኛው 2፣ 3 እና 5፣ በአራተኛው 2፣ 4 እና 5። ሳይያዝ የሚመታ ክር ስለሌለበት እንዳለ ወደ የትኛውም ፍሬት ይሄዳል። ሦስት ፍሬት ወደ ላይ ገፍተው በስድስተኛው ክር 6ኛ ፍሬት ላይ ሲጀምሩት ሲ ፍላት ይሆናል፤ ያንኑ ቅርጽ በአምስተኛው ክር 6ኛ ፍሬት ጀምረው በአምስተኛው፣ በአራተኛውና በሦስተኛው ክር ሲጫወቱት ደግሞ ሚ ፍላት ይሰጥዎታል።